የሞተ ባል አያመሽም

ኢዝሜኒ እውነተኛ ሰላም ያገኘችው ባሏ ሜሪልየን ከሞተ በኋላ ነው። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ቀናተኛ ሆና ነው። የሞተ ባል አያመሽም። የት ነበርክ አይባልም፤ ሸሚዙም የሌላ ሴት ሳሙና አይሸትም። ሜሪልየን ግቢዋ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ሰማያዊ ቀለም በተቀባ የሲሚንቶ መቃብር ውስጥ ተኝቷል። ስትነሳም አለ፣ ስትተኛም አለ። በመንደሯ በባሰን ሴል ሰው ሙታኑን ሩቅ ወስዶ አይቀብርም፤ ሙት የቤቱ ነው። ኢዝሜኒም ጠዋት ጠዋት መቃብሩን እየጠረገች፣ “እንዲህ ነው እንጂ ዐርፎ መቀመጥ!” ትለው ነበር።

በሕይወት ሳለማ ማን አግኝቶት! ከሳምንቱ ግማሹን የሚያድረው መስቀለኛው መንገድ አጠገብ፣ ሎርቪና ከምትባል ባርኔጣ ሠሪ ቤት ነበር። ሁለት ቤት ያለው ወንድ በዚያ አገር ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ አንድ ቤት ብቻ ያለው ነው። ሌሎቹ ሚስቶች ለምደውት ያልፋሉ፣ ወይም የለመዱት ይመስላሉ። ኢዝሜኒ ግን አልለመደችውም። ጨው ስትሰበስብ ሎርቪና፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ሎርቪና፣ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ሎርቪና። ምኗን ወዶ ነው? በምን ትበልጠኛለች? ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ጎርናና፣ ጥርሷ ፍንጭት። ፍንጭት ያምራል የሚሉም አሉ፤ ኢዝሜኒ ፊት አይበሉት እንጂ።

በድንገተኛ ትኩሳት ሞቶ በተቀበረ ዕለት ሎርቪና ሳትጠራ መጣች። ከባለቤቲቱ በላይ ጮኸች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ካልገባሁ ብላ ሁለት ጎረምሶች ወገቧን ይዘው መለሷት። ይሄስ ይሁን። የባሰው ከቀብሩ በኋላ መጣ። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሙቱ ወደ አልጋዋ እንዳይመለስ ከቀሚሷ ሥር ቀይ የውስጥ ልብስ ትለብሳለች፤ የአገሩ ደንብ ነው። ኢዝሜኒ ደንቧን ፈጸመች። ለካ ሎርቪናም ለብሳ ኖሯል! ለብሳም አልቀረች፤ አጥባ መንገድ ዳር ካለው ገመዷ ላይ ሰቀለችው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው።

“የማን ሚስት ነኝ ብላ ነው ቀይ የምትሰቅለው?” እያለች ኢዝሜኒ ሳምንት ሙሉ እህል አልወረደላትም። በመጨረሻ ግን፣ “ቀዩ ያንቺ ይሁን፣ ሬሳው የኔ ነው” አለችና ተጽናናች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጨው በሚሰበሰብበት ወራት፣ ያ ሬሳ በእግሩ እየሄደ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰዉ ሁሉ የየራሱ የጨው ኩሬ ዳር ሆኖ ነጩን ክምር ይገፍፋል። አንዱ ቀና አለና የያዘውን እንጨት ጥሎ ሮጠ። ሁለተኛውም ሮጠ። ምን እንዳየ ሳይጠይቅ ሦስተኛውም ተከተለ። በኩሬዎቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ሜሪልየን እግሩን እየጎተተ ይመጣል። ከስቷል። ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ ቀርቷል።

“ዞምቢ!” አለ መንደሩ በአንድ አፍ።

በዚያ አገር ዞምቢ ማለት ሰው የሚነክስ አውሬ አይደለም። ክፉ ሰው በመድኃኒት ገድሎት፣ ከመቃብሩ ጠርቶት፣ ስሙንና ልቡን ነጥቆት እንደ በሬ የሚያሠራው ምስኪን ነው። እሱ አይናከስም፤ የሚናከሰው ሰዉ ነው። ጌታው ጨው የሌለው ምግብ ብቻ ይሰጠዋል፤ ምላሱን ጨው የነካው ቀን ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ ቀጥ ብሎ ወደ መቃብሩ ሄዶ ይተኛል ይባላል። የባሰን ሴል ሰዎች በዚህ ይኩራሩ ነበር። አየሩ ሳይቀር ጨው ጨው በሚልበት መንደር ዞምቢ ምን ሊሠራ ይመጣል? አሁን ግን መጣ፤ ኩራታቸውንም ፍርሃት በላው።

ሜሪልየን ማንንም ሳያይ ኢዝሜኒ ደጅ ድረስ ሄዶ ቆመ።

“ክብር!” አለ። ድምፁ በአፍንጫው ነው የወጣው፤ ሙታን እንዲህ ይናገራሉ ይባላል።

እዚያ አገር ደጅ የሚመጣ ሰው “ክብር!” ብሎ ይጣራል፤ የቤቱ ሰው “አክብሮት!” ብሎ ይመልሳል። ይህን ሳይባባሉ ደፍ አይታለፍም። የመለሱለት ሰው እንግዳ ነው፤ ያልመለሱለት ምንም አይደለም።

ኢዝሜኒ ቤት ውስጥ ነበረች። ወጣች፣ አየችው፣ ወዲያው ዐወቀችው። በመንጠቆ የተቀደደችው የግራ ጆሮው፣ ሰፊው ደረቱ፣ ሲቆም ወደ ቀኝ ጋደል የሚለው ነገር። ከሌላ ሰው ጋር የሚያሳስት አንድ ነገር እንኳ አልነበረውም። “አክብሮት” የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ያን ጊዜ ባርኔጣውን አየች። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ፣ ዙሪያውን ቀይ ጥለት ያለው፣ አዲስ ባርኔጣ። የዚያችን ሴት እጅ ጨለማ ውስጥ እንኳ ዳብሳ ታውቀዋለች። ከመቃብር ወጥቶ እንኳ መጀመሪያ የሄደው እሷ ዘንድ ነው! ከሞት የተነሣ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ እሷ ዘንድ!

ይህን ጊዜ ሰዉ ፍርሃቱ ለቀቅ አድርጎት ዱላ ይዞ ተመልሶ ነበር። ከፊት የጨው ሠራተኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሴራፊን አለ፤ ሽማግሌ ነው፣ ትልቁም ትንሹም “አጎቴ” ይለዋል።

“ኢዝሜኒ፣” አለ ከሩቅ፣ “የቤቱ ሴት አንቺ ነሽ፤ የሚያዘው ያንቺ ቃል ነው። ይሄ ሰው ማነው?”

ኢዝሜኒ ባርኔጣውን እያየች መለሰች።

“አላውቀውም። የኔ ባል ያውልዎት ማንጎው ሥር ተኝቷል። ካላመኑኝ ይጠይቁት።”

አንዱ የጨው ቋጥኝ አነሣና ወረወረ። ከዚያ ሁሉም ወረወረ። ሜሪልየን አልሸሸም፣ እጁንም አላነሣም። ግንባሩ ተፈነከተ፣ ባርኔጣው ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አንሥቶ አቧራውን አራገፈው፣ ራሱ ላይ አደረገው፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ኢዝሜኒን ያቃጠላት መፈንከቱ አልነበረም፤ ባርኔጣውን ማራገፉ ነበር።

በማግስቱ የክርስትና ልጇ እናት ቴርሲዳ የወሬ ሸክሟን ይዛ ደረሰች።

“አበልጄ፣ ሰማሽ? ያች ሴት አስገባችው!”

“ማንን?”

“ማንን ትላለች እንዴ! ያንን… ያላወቅሽውን ሰው ነዋ። ግንባሩን አጥባለት፣ ጨርቅ አሥራለት፣ ምንጣፍ አንጥፋለት…”

“ዐይጥ ታስገባ፣ ዝንጀሮ ታስገባ፣ ምን አገባኝ” አለች ኢዝሜኒ። ትከትፈው የነበረውን ሽንኩርት ትታ ጣቷን ከተፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ሎርቪናን አገለላት። ውኃ ቦታ ስትመጣ ሴቶቹ ባልዲያቸውን አንሥተው ራቅ ይላሉ። ሜሪልየን የረገጠውን መንገድ ሰው ጨው በትኖ ያልፋል። “ጌታው እየፈለገው ይመጣና ሁላችንንም ያስጨርሰናል” የሚሉ ነበሩ፤ “ጨዉ አልረጋ ያለው በሱ ምክንያት ነው” የሚሉም ነበሩ፣ ምንም እንኳ ጨዉ ያልረጋው ዝናብ ስለጣለ ቢሆንም። አንድ ቀን ለአንዲት አሮጊት የወደቀባትን ቅርጫት ቢያነሣላት፣ ሴትዮዋ ቅርጫቷን እዚያው አቃጠለችው።

ከሁሉም ብሳ የተገኘችው ኢዝሜኒ ናት። ገበያ መሐል ቆማ፣ “ባርኔጣዋን አትግዙ፤ የሙት እጅ የጎነጎነው ነው፣ ያደረገው ሰው ራሱ ይዞራል!” ትል ጀመር። ማን የራሱ መዞር ይፈልጋል? የሎርቪና ባርኔጣ ሳይሸጥ ይከመር ገባ። ኢዝሜኒም ክምሩን አይታ ደስ አላት፤ እስከ ቤቷ ድረስ ብቻ የምትቆይ ደስታ።

ምክንያቱም ቴርሲዳ ከቤቷ አትጠፋም።

“ውኃ ይቀዳላታል አሉ።”

“ይቅዳ።”

“እሳቱን እፍ የሚልላት እሱ ነው አሉ። ሲመሽም የትም አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ ቅጠል ይሰነጥቅላታል። ሴቶቹ ምን እንደሚሉ ሰማሽ? ‘የኛዎቹ በሕይወት እያሉ አንድ ባልዲ አያነሱም፤ እስቲ የዞምቢውን መድኃኒት ጠይቁልን’ ይላሉ።” ቴርሲዳ ሳቋን አፈነች። “መቼም አበልጄ፣ ያንቺ አይደለም ካልሽ ወዲያ…”

“ነገርሽን ጨርሺው!”

“ባሏን ጎዳሁ ብላ… ተረቱን ታውቂው የለ። እኔ ምን አልኩ?”

ኢዝሜኒ መጥረጊያውን አንሥታ አባረረቻት። ግን ወሬው አልተባረረም። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ሜሪልየን አንድ ባልዲ ውኃ አንሥቶላት አያውቅም። በሕይወቱ እኩሌታውን ለዚያች ሴት ሰጣት፤ አሁን ደግሞ ሞቶ ሙሉውን? እሷ መቃብር ትጥረግ፣ ያቺ ሰውዬውን ትያዝ? በየትኛው ፍርድ ቤት ነው እንዲህ የሚካፈለው?

በገዛ ዓይኔ ካላየሁ አለችና አንድ ቀን ሄደች። ከሎርቪና ቤት ጀርባ ካለው የዘንባባ ቁጥቋጦ ሥር አጎንብሳ አየች። ሎርቪና ሜሪልየንን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ፀጉሩን ትቆርጣለች። አንድ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለችው ኢዝሜኒ አልሰማችም። እሱ ግን ሳቀ። ቀስ ያለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ፤ ቢሆንም ሳቅ ነው። ሎርቪና አንገቱ ላይ የቀረውን ፀጉር በእፍታ አራገፈችለት።

ኢዝሜኒ ቤቷ የገባችው በእግሯ ይሁን በእጇ አታውቅም። ብቻዋን ግቢዋ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትል ነገሩ ተገለጠላት። ያለ ጨው! ያቺ ሴት ያለ ጨው እያበላች አስራዋለች። ልቡ ቢኖር አንድ ቀን አይቆይላትም ነበር። የምታስቀው፣ የምታዘው፣ ውኃ የምታስቀዳው እንዳይነቃ አድርጋ ነው። ጨው ቢቀምስ ግን ነቅቶ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። መቃብሩ ደግሞ የት ነው?

ቴርሲዳን አስጠራቻት። ቂም መያዝ የምትችል ሴት ብትሆንም ወሬ ካለ ቂሟን ታሳድረዋለች፤ መጣች።

“ጨው አበላዋለሁ” አለቻት ኢዝሜኒ።

“እንዴ! ይሞታልኮ!”

“በሕይወት ከቆየ ቤቱ እኔ ዘንድ ነው። ከሞተም መቃብሩ ደጄ ነው። በየትም ቢመጣ የኔ ነው።”

“ሰውዬውን ልትገድዪው ነው እንዴ አበልጄ?”

“ይሙት!” አለች ኢዝሜኒ። እንባዋ መጣ። “ይሙት፣ ግን እኔ ዘንድ ይሙት።”



ቅዳሜ መስቀለኛው መንገድ ላይ ገበያ ይቆማል። ኢዝሜኒ የበቆሎ ገንፎ በአደንጓሬ ሠራች፣ በጨው የደረቀ ዓሣ ከተፈችበት፣ በዚያ ላይ ከገዛ ኩሬዋ ያወጣችውን ጨው በእፍኟ ሙሉ ነሰነሰችበት። ሳህኑን በጨርቅ ሸፍና፣ ጥቁር የሐዘን ቀሚሷን እንደለበሰች በገበያው መሐል አለፈች። ሰዉም ነገር ሸተተውና ተከተላት። ወሬውን ማን እንዳወጣው መናገር አያስፈልግም፤ ቴርሲዳ ከፊት ከፊት ትሄዳለች።

ሎርቪና ገዢ ካጡት ባርኔጣዎቿ ጀርባ ተቀምጣለች። ሜሪልየን ከኋላዋ ምንጣፍ ላይ ሆኖ ቅጠል ይሰነጥቃል።

“እትዬ ኢዝሜኒ፣” አለች ሎርቪና ብድግ ብላ፣ “ባርኔጣ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ራሴ ይዞርብኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ?”

“ምሳ ይዤለት ነው።”

“ለማን? አላውቀውም ላልሽው ሰው?”

ሰዉ “ኧረ በል!” አለ። ኢዝሜኒ የያዘችው ሁሉ ያን ጊዜ ገነፈለ።

“ዐውቄዋለሁ! እንዴት አላውቀው? ግን ያንቺን ባርኔጣ አድርጎ ደጄ ይመጣል? ከመቃብር ሲነሣ የኔ ደጅ አልታየውም? ቀጥ ብሎ አንቺ ዘንድ፣ ከዚያ የተረፈውን ለኔ! አብሬው ስኖርም እንደዚያ፣ ስቀብረውም እንደዚያ!”

ሎርቪና ስትናገር ያ ጎርናና ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

“እትዬ፣ ከየት ተነሥቶ እንደመጣ አላውቅም። እኔ ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው። ቅጠል ቆርጬ ስመለስ ጥላ በሌለበት ቆሟል፣ ፀሐዩ አናቱን ይቀቅለዋል። ደንግጬ ነፍሴ ልትወጣ! ከዚያ አንድ ባርኔጣ ራሱ ላይ አደረግኩለትና ‘ሂድ፣ ወደ ቤትህ ሂድ፤ ደጅ የምትከፍትልህ የቤትህ ሴት ናት’ አልኩት። መንገዱን በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሳልቀና የላክሁት ይመስልሻል? እያለቀስኩ ነው የላክሁት። እጄ ገብቶ ነው ላንቺ የላክሁት። አመሻሹ ላይ ፊቱ ደም በደም ሆኖ ደጄ ሲቆም ግን፣ ከእንግዲህ ማንንም አላስፈቅድም አልኩ።”

ኢዝሜኒ ሰማች። እውነት መሆኑንም ዐወቀች፤ ሎርቪናን ያን ያህል ዓመት በዓይነ ቁራኛ ስትከታተላት ስለኖረች፣ ውሸቷን ከእውነቷ የሚለይ እንደሷ ያለ ሰው የለም። ልኬልሽ ነበር አለቻት። እሷ ያልጠየቀችውን፣ ያቺ መርቃ ሰጥታት ነበር። ይህን መዋጥ ከጨው ቋጥኝ ይከብዳል፤ ኢዝሜኒም አልዋጠችውም።

“ውሸታም!” አለች። “ያለ ጨው እያበላሽ አስረሽው ነው! እስቲ ይቅመስና በእግሩ ይሂድ!”

ሎርቪናን ገፍታ አልፋ ሳህኑን ሜሪልየን ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ ጨርቁንም ገለጠች። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ የሚችል ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ዓሣ ሻጯ መስቀል ይዛ ጸሎት ጀመረች። አጎቴ ሴራፊንም መጥቶ በትሩን ተደግፎ ቆመ። ሎርቪና ግን አልከለከለችም፤ እጆቿን አጣምራ አየች እንጂ።

ሜሪልየን ሳህኑን አየው። በማንኪያው ዛቀ፣ ጎረሰ፣ ቀስ አድርጎ አኘከ። ኢዝሜኒ ጠበቀች። አሁን ያለቅሳል። አሁን ተነሥቶ ወደ ግቢዬ ይሮጣል። ሁለተኛ ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ።

“ጨው በዛው” አለ።

ከዚያ ኢዝሜኒ ፈነዳች።

“በዛው? በዛው ነው ያልከው? አንተ ምስጋና ያልፈጠረብህ! ሃያ ዓመት አብስዬ አበላሁህ፣ አንድ ቀን ጣፈጠ ብለህ ታውቃለህ? ሲጎድል አልጫ፣ ሲሞላ በዛ! ሦስት ዓመት መቃብርህን ስጠርግ፣ ስቀባ፣ ሻማ ሳበራልህ፣ በዚህ ሙቀት ጥቁር ለብሼ ስቀቀል ኖሬ፣ ከሞት ተነሥተህ ደግሞ እንከን ታወጣልኛለህ? አትብላ! ማን ለመነህ! እዚያችው የለመድካት ታብላህ!”

መጀመሪያ የሳቀችው መስቀል የያዘችው ዓሣ ሻጭ ናት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሳቁ፤ ከዚያ ገበያው በሙሉ ሳቀ።

“ኧረ ሰው ነው!” አለ አንዱ። “ዞምቢን እንዲህ አድርጎ ማን ይሰድበዋል?”

“ይሄማ የባልና የሚስት ጠብ ነው፣ እናንተዬ!”

“ጨዉንም በላ፣ ስድቡንም በላ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?”

አጎቴ ሴራፊን በትሩን አነሣ፤ ሳቁ ቀነሰ። ሽማግሌው አልሳቀም።

“ኢዝሜኒ፣ አንድ ጊዜ ጠይቄሽ ነበር። አሁንም የሚያዘው ያንቺ ቃል ነው። ይሄ ሰው ማነው?”

ኢዝሜኒ ዙሪያዋን አየች። ያለችውን ክዳ ዛሬም አላውቀውም ብትል ይህ ሁሉ ሳቅ ወደ ዱላ ይመለሳል፤ ሰውዬው ከዚህ አገር ይባረራል፣ መቃብሩም ለሷ ይቀራል። ልትለውም ቃጥቷት ነበር። ግን የሚስት ስድብ ከአፏ ወጥቶ አልቋል፤ ደግሞም፣ ሰው ከሆነ፣ ባል አለኝ ማለት ነው። ሎርቪናን ዓይን ዓይኗን እያየች ተናገረች።

“ሜሪልየን ነው። ባሌ ነው።” ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጮክ አድርጋ ነው ያለችው።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ቀርበው የሜሪልየንን እጅ ጨበጡ፤ ጨው የወረወሩበትም ጭምር። የሸንኮራ አረቄም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ።

“አንተ ሰው፣” አለው ሴራፊን፣ “ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ምነው ዝም አልክ?”

ሜሪልየን ቃላቱን ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው ቆየ።

“ማን ጠየቀኝ? ስለኔ የጠየቃችሁት ሌላ ሰው ነው።”

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። አረቄውን የሚያዞረውም ሰው ቆመ።

“ጨውስ ቢሆን፣” አለች ሎርቪና ለኢዝሜኒ፣ ያለ ፌዝ፣ “ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲበላ ነው የኖረው። እኛ አገር ያለ ጨው ምን ይበስላል ብለሽ ነው?”

ይሄኛው ነው ኢዝሜኒን የወጋት። ሲበላ ከኖረ ነቅቶ ነበር። ውኃውን የቀዳው ነቅቶ ነው፣ ማታ ማታ ከቤት ያልወጣው ነቅቶ ነው፣ የሳቀውም ነቅቶ ነው። ቅናት እስካሁን አንድ መጽናኛ ትቶላት ነበር፤ ‘ልቡ የለም’ የምትለውን። አሁን እሱንም ወሰደባት።

ቢሆንም እጇን ዘረጋች።

“በል ተነሥ” አለችው። “ቤትህ እንሂድ።”

ሜሪልየን ሳህኑን አስቀምጦ ቀና አለ። ያ አንድ ቦታ የተተከለ ዓይን ፊቷ ላይ መጣ።

“ኢዝሜኒ” አላት።

ስሟን ከአፉ ስትሰማ ሁሉን ይቅር ልትለው ተዘጋጀች፤ ቀዩን ልብስ፣ ባርኔጣውን፣ የበዛውን ጨው።

“ያን ቀን ደጅሽ ስቆም በእውነት ዐውቀሽኝ ነበር?”

“ዐውቄህ ነበር” አለች በችኮላ። ይህ የሚያስደስተው መስሏት ነበር። “ገና እንዳየሁህ ነው ያወቅኩህ! እንዴት አላውቅህ?”

እሱ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ።

“እኔ ሳታውቂኝ ቀርተሽ ነው ብዬ ነበር የማስበው” አለ። “በሱ ነው ስጽናና የከረምኩት።”

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ጠቀለለ። ከሳቁ በኋላ ሰው ባርኔጣ መግዛት ጀምሮ ስለነበር የተረፉት ጥቂት ነበሩ። አነባብሮ አናቱ ላይ ደረባቸውና ሎርቪናን ተከትሎ ሄደ። ሰዎች መንገድ ለቀቁለት፤ እንደ ዞምቢ ሸሽተው ሳይሆን፣ ሸክም ለያዘ ሰው እንደሚለቀቅ። “ደህና ዋል ሜሪልየን!” ያለውም ነበር። እሱም መለሰ።

ቴርሲዳ ኢዝሜኒን እስከ ደጇ ሸኘቻት። ኢዝሜኒ ቤቷ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የተቀበረ ቀን ካለቀሰችው ይልቅ ያን ቀን አለቀሰች። አሁን ምን ትባል? ባሏ የሞተባት አይደለችም፤ ባል ያላትም አይደለችም። ጥቁሩን ብታወልቅ ይስቁባታል፣ ባታወልቅም ይስቁባታል። ስታስበው፣ ሰውዬው በዚህች ሰዓት ለዚያች ሴት እሳት እፍ እያለላት ነው። እንደገና ጮኸች።

ጎረቤቶቿ ድምጿን ሰምተዋል። ግን የሞተ ሰው ስላልነበረ ማንም ለቅሶ ሊደርሳት አልመጣም።